ሁለት ሚሊሜትር የስፌት ትርፍ

ከኋላ የሚቀር ሰው ቢቀለድበት ይሻለዋል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ያወቀችው በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ የአሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ዳገት አናት ላይ ነው። እሑድ እሑድ አብረዋት ብስክሌት የሚነዱት አምስት ሴቶች መጀመሪያ ላይ አይምሯትም ነበር። «መጣሽ? እኛ እኮ አፋልጉን ልንል ነበር» ይሏታል፤ ትስቃለች፤ ውሃዋን ትጠጣለች፤ ቁልቁለቱን አብረው ይወርዱታል። ዘንድሮ ግን ቀልዱ ቀረ። አሁን ስትደርስ «ጎበዝ! አይዞሽ!» እያሉ ያጨበጭቡላታል። ብዙ ጠበቃችሁኝ ወይ ብላ ስትጠይቅ ደግሞ አምስቱም ባንድ አፍ «ኧረ አሁን ገና ነው የደረስነው» ይላሉ።

ሰፊ ናትና ጨርቅ ታውቃለች። ላብ የደረቀበት ማሊያ ጀርባው ላይ ነጭ ጨው ይሠራል፤ ላብ ለመድረቅ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። የአምስቱም ጀርባ ነጭ ነበር።

ተናደደች። ከዚያ ደግሞ በመናደዷ አፈረች፤ ክፉ አልሠሩባትም እኮ። የሚያዝንልህን ሰው ምን ብለህ ትሰድበዋለህ? ዝም ብለህ ትቃጠላለህ እንጂ። እሷም ዝም ብላ ስትቃጠል ከረመችና፣ አንድ ቀን ከአምስቱ አንዷ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ፣ የብስክሌቷን የፊት ጎማ በሁለት እጇ አንሥታ መዘነችው።

«እግርሽ ምንም አልሆነም» አለቻት። «ይሄ ነው ጉዱ። የወፍጮ ድንጋይ ነው እኮ ተሸክመሽ የምትወጪው። ኮርቻ ላይ ያለ ክብደት አንዴ ትሸከሚዋለሽ፤ ቸርኬ ላይ፣ ክቡ ብረት ላይ፣ ያለውን ግን ፔዳል በረገጥሽ ቁጥር እንደ አዲስ ትገፊዋለሽ። እሱን ለውጪ።»

የሒሳብ አስተማሪ ያለው ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ግን ከእግሯ ሌላ የምትወቅሰው ነገር በማግኘቷ ብቻ ደስ አላት። ጎማ ልትለውጥ ቆረጠች።

ለሸሚዝ ቁልፍ እንኳ ሦስት ሱቅ ሳትዞር የማትገዛ ሰው ስለሆነች ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታወዳድር ቆየች። የካርቦን ጎማዎቹን በሱቁ መስታወት አየቻቸው። ጥቁር ናቸው፣ ያምራሉ፤ ባንዱ ጥንድ ዋጋ አዲስ የስፌት መኪና ተገዝቶ ለክርም ይተርፋል። በዓይኗ ዳብሳ አለፈቻቸው። በአቅሟ ልክ የሆኑትን፣ ከፋብሪካ ተገጣጥመው የሚመጡትን የአሉሚኒየም ጎማዎች ሻጩ ሚዛን ላይ ሲያወጣላት ደግሞ ከራሷ አሮጌዎች መቶ ግራም እንኳ አይቀንሱም። በጅምላ ተሰፍቶ የሚመጣ ኮት ምን እንደሚመስል ለሷ አይነገራትም፤ ትከሻው ቀጥ ያለ ነው፣ ገበሩን ገለጥ ሲያደርጉት ግን ሁሉም ሙጫ ነው። ከሴቶቹ አንዷ ያገለገለ ጎማ ልትሸጥላት ነበር። እሱን በጣቷ ስትዳስሰው ፍሬን ሲበላው የኖረው ጠርዝ ጎድጉዷል። ያን ዳገት የወጣ ሰው መውረዱ አይቀርም፤ ሲወርድ ደግሞ ነፍሱን የያዘለት ያው ጠርዝ ነው። እሱንም ተወችው።

መላውን የነገራት ያው ሻጭ ነው። የጎማዋን እምብርት፣ ሽቦዎቹ ሁሉ የሚነሡበትን ሞዞ፣ በሁለት ጣቱ ይዞ አሽከረከረው።

«ይሄ ሞዞ እኮ ገና ጎረምሳ ነው» አላት። «ለምን ትጥይዋለሽ? ቀለል ያለ ቸርኬ ግዢ፣ አዲስ ሽቦ እዘዢ፣ እጁ የተባረከ ሰው በዚሁ ሞዞ ላይ ይሥራልሽ። ከተገጣጠመው ይቀልላል፣ ዋጋው ደግሞ ግማሽ ነው።» ከዚያ በራሱ ንግግር ሳቀ። «ማን ይሥራልሽ እላለሁ እንዴ ደግሞ! አጎትሽ እያሉልሽ።»

ልቧ ድንግጥ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አጎቷ፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ አርባ ዓመት ጎማ ሠርተዋል። ሞዞን ከቸርኬ በሽቦ አያይዞ፣ ሽቦውን አንዱን አጥብቆ ሌላውን አላልቶ፣ ሲዞር ውልፍት የማይል ጎማ ማውጣት ለብዙ መካኒክ ራስ ምታት ነው። እሳቸው ግን ከጎማው ጋር እያወሩ ይሠሩታል። «ቀጥ በል፤ ቀጥ በል እንጂ አንተ!» ይሉታል። ሰፈሩም ስማቸውን ትቶ «ጋሽ ቀጥ በል» ብሏቸው ቀረ። ጎብጦ የሚሄድ ወጣት ሲያዩም ያንኑ ስለሚሉት ነው የሚል አለ።

ጡረታ ወጣሁ ብለው ታፔላቸውን ካወረዱ ስድስት ወር ሆኗቸዋል። ሰው ሁሉ «ይገባቸዋል፣ ብዙ ለፍተዋል» አለ። የእህታቸው ልጅ ግን ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር በሆዷ ይዛለች።

ታፔላው ከመውረዱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ልትጠይቃቸው ጎራ ብላ ነበር። አጎቷ በብስክሌት ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር ሰው ያመጣውን ጎማ ማስተካከያው ላይ ሰቅለው ያዞራሉ። «ነይ እስቲ አንቺ ልጅ» አሏት። «ቀጥ ብሏል?» ጎማው እንደ ሰካራም ግራ ቀኝ ይላል፤ ማንም ያየዋል። እሳቸው ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ከጎማው አጠገብ ባዶው ላይ ተክለው ይጠብቃሉ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ ዓይናቸው ማንም ሳያውቅ ቀስ እያለ ከድቷቸው ኖሯል። ፊታቸው ላይ የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ ፊት አየችና አንጀቷን በሏት። «ቀጥ ብሏል ጋሼ» አለች። እሳቸውም ጎማውን አወረዱ።

አሁን በዚያ እጅ የተሠራ ጎማ ላይ ተቀምጣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ልትወርድ ነው? «አልችልም» አለች ለራሷ። «ዓይንዎ አያይም» ብላ ትንገራቸው? እሱንም አትችልም። የተገጣጠመውን ድምፅ ሳላሰማ እገዛለሁ ብላ ወሰነች። ሻጩ ግን ወሬ የሚያሳድር ሰው አልነበረም። በማግስቱ ስልኳ ጮኸ።

«ሞዞሽን ይዘሽ ነይ» አሉ አጎቷ።

«ጋሼ፣ እርስዎን ከማደክም ብዬ እኮ…»

«ደከመኝ አልኩሽ?»

«አይ፣ ጡረታ ወጥተዋል ብዬ ነው።»

«ጡረታ የወጣሁት ከሥራ ነው። ከዘመድ የሚወጣ ጡረታ አለ እንዴ?»

ይሉኝታ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ስንት ሰው አጥንቱ ሳይሰበር ይኖር ነበር። እሺ አለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን አንድ ማምለጫ መጣላት፤ እሳቸው ይሥሩት፣ ይደሰቱ፤ እሷ ደግሞ በማግስቱ ከጀርባቸው ሌላ መካኒክ ጋ ወስዳ ታስተካክለዋለች። ማንም አይጎዳም። ይሉኝታ የያዘው ሰው ምን ጊዜም እንዲህ ያለ የጓሮ በር አያጣም።

የሥራ ክፍላቸው ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ፣ ትልቅ መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ እያንዳንዱ ቁልፍና ጉጠት የሚሰቀልበት ቦታ በቀለም ተሥሏል፤ በስድስት ወር ውስጥ አንዱም አልተዛነፈም። ሞዞዎቿንና የገዛቻቸውን ቀለል ያሉ ቸርኬዎች ይዛ ስትገባ አጎቷ አዲስ ካሊፐር፣ የሚሊሜትር መለኪያ፣ ይዘው አንዲት የብረት ኳስ ይለካሉ። የካሊፐሩ ቁጥሮች ትልልቅ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ ካፍንጫቸው ሥር አስጠግተው ነው የሚያነቡት።

«ምን እየለኩ ነው?»

«ይቺ ኳስ ስድስት ሚሊሜትር ናት። ሠላሳ ዓመት አውቃታለሁ። እሱ ስድስት ካለ ጓደኛዬ ነው፣ ስድስት ተኩል ካለ ወደመጣበት ይመለሳል።» ስድስት አለ። «አዲስ መሣሪያ ሳይፈተን ሥራ አይነካም። የሚዋሽ መሣሪያ ካለሽ ባዶ እጅሽን ብትሠሪ ይሻልሻል» አሉና ካሊፐሩን አቀበሏት። «በይ ለኪ። አንቺ የመለኪያ ሰው አይደለሽ?»

ለካች። የሞዞውን ስፋት፣ የቸርኬውን የውስጥ ወርድ ለክታ፣ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ስሌት መሠረት የሽቦውን ርዝመት አወጣች። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ ሃያ ዓመት የኖረችበት ሕግ ስለሆነ እሱንም አሥር ጊዜ ደጋገመችው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈች፣ ለሻጩ ደወለች፣ ስድሳ አራት ሽቦ አዘዘች። ሽቦው በልክ የሚቆረጥ ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም።

ቅዳሜ ጠዋት ከፊተኛው ጎማ ጀመሩ። አጎቷ ሽቦውን አንድ ባንድ በሞዞው ቀዳዳ እያሳለፉ፣ አንዱን በሌላው ላይ እያሻገሩ፣ ጫፉን ቸርኬው ላይ በትንሿ የነሐስ ዳዶ ያስሩታል። አያዩም፤ ማየትም አላስፈለጋቸውም። እጃቸው መንገዱን ያውቀዋል። ልብስ ሰፊዋ የሰው እጅ ሲሠራ ማየት ነፍሷ ነውና ፍርሃቷን ለጊዜው ረሳችው። «ይሄ እኮ ሽመና ነው ጋሼ» አለች። «ሽመናማ ቀላል ነው፤ ጋቢ ቢላላ ሰው አይሞትም» አሉ።

ዳዶዎቹን ማጥበቅ ሲጀምሩ ግን እጃቸው ቆመ። አውራ ጣታቸውን በቸርኬው የውስጥ ጎድጓዳ ላይ ሰደዱት። አንዴ፣ ሁለቴ አመላለሱት። ሲያወጡት ጫፉ ላይ ደም ነጠብ ብሏል።

«ጋሼ፣ ደሙ!»

«ደሙን ተይው። ስንት ነበር የለካሽው?»

«ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ።»

«ያዘዝሽውስ?»

ወረቀቷን ከኪሷ አወጣች። ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ይላል፤ በራሷ እጅ ጽሕፈት። ለረጅም ጊዜ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ገባት፤ ፊቷ ፍም መሰለ።

«ምንድን ነው?»

«ሁለት ጨምሬበታለሁ።»

«ለምን?»

«ለስፌት» አለች። «ጨርቅ ስቆርጥ ሁልጊዜ ትርፍ እተዋለሁ… እጄ ነው ጋሼ። እኔ አላሰብኩትም።»

አጎቷ ቁልፉን አስቀመጡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ብረት ላይ የስፌት ትርፍ!» ይሉና ጋብ ሲልላቸው፣ «ምናልባት ወደፊት ቢወፍር እንድናሰፋው ነው?» ብለው እንደገና ይጀምራሉ። እሷም አላስቻላትም፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዛ፣ አሥር ጊዜ ለክታ ያላየችውን ስሕተት እሳቸው ባንድ አውራ ጣት አገኙት።

«እግዜር ሲወድሽ የሽቦው ጥርስ ለዳዶው በቅቶታል» አሉ ሲረጋጉ። «ሦስት ጨምረሽ ቢሆን ለጉድ ነበር። ከዳዶው ያለፈውን ጫፍ በሞረድ እንፈገፍገዋለን፤ አለዚያ ካላማዳሪያሽን ወንፊት ያደርገዋል።»

ሠላሳ ሁለት ጫፍ ተፈግፍጎ እስኪያልቅ እኩለ ቀን አለፈ። ከዚያ ጎማውን ማስተካከያው ላይ ሰቀሉት፤ አጎቷ በርጩማ ሳቡና በጎማውና በማስተካከያው ክንድ መካከል ካለችው ቀጭን ክፍተት ፊት ለፊት አስቀመጧት።

«እኔ በጣቴና በጆሮዬ እሠራለሁ» አሉ። «አንቺ ክፍተቷን እያየሽ ንገሪኝ።»

ስለ ዓይናቸው ከዚህ ሌላ ምንም አላሉም። እሷም አልጠየቀችም። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲያ ሠሩ። «ወደኔ መጣ» ትላለች፤ ሽቦውን በጥፍራቸው ነካ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ቁልፋቸውን ሩብ ዙር ያዞራሉ። «አሁንስ?» «ትንሽ ቀረው።» «ቀጥ በል አንተ!» ክፍተቷ በየዙሩ እየተስተካከለች መጣች። በመጨረሻ ጎማው የሚዞር የማይመስልበት ደረጃ ሲደርስ አጎቷ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። «ጉሮሮዬ ደረቀ። ውሃ ቅጂልኝ እስቲ።»

ውሃውን ይዛ ስትመለስ ሽርጣቸውን አውልቀው ሰቅለዋል። ፊታቸው ደክሟል፤ ደግሞም በርቷል። እንዲህ ሆነው ካየቻቸው ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ውሃውን ተቀብለው ጠጡና ጎማውን በመዳፋቸው ገፋ አድርገው አሽከረከሩት።

«እንግዲህ የመጨረሻውን ንገሪኝ» አሉ። «ቀጥ ብሏል?»

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አየች። በዙር አንዴ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ክፍተቷ ጠበብ ትላለች። የመርፌ ውፍረት ብትሆን ነው። ቅድም ሳላያት ቀርቼ ይሆናል ብላ አሰበች። እሳቸው አንገታቸውን እንደዚያን ቀን ዘንበል አድርገው፣ እንደዚያን ቀን ከጎማው አጠገብ ያለውን ባዶ እያዩ ይጠብቃሉ። ሽርጡ ተሰቅሏል። ሰውየው ደክመዋል። ስንት ወር ሙሉ ያልተደሰቱትን ዛሬ ተደስተዋል። መርፌ ምን አላት? ነገ ሌላ መካኒክ ጋ፣ በሁለት ደቂቃ…

አፏ «ቀጥ» ለማለት ተከፍቶ ነበር። ያን ጊዜ አምስት ጨው የሠሩ ጀርባዎች ትዝ አሏት። «አሁን ገና ነው የደረስነው።» ያን ቃል ስትሰማ ዳገቱ አናት ላይ እንዴት ብቻዋን እንደምትቀር እሷ ታውቃለች። እና እሷስ እኚህን ሰው በዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን አልተወቻቸውም?

«አላለም ጋሼ» አለች። «አንድ ቦታ ላይ ይጠጋል። ትንሽ ነው፣ የመርፌ ያህል። ግን ቀጥ አላለም።»

የአጎቷን ቅስም የሰበረች መሰላት። «የቱ ጋ እንደሆነ ላሳይዎት» ብላ እጇን ስትዘረጋ ግን እሳቸው ቀድመዋት ቁልፉን አንሥተዋል። ጎማውን በመዳፋቸው አቆሙት። አውራ ጣታቸው የቫልቩን ቀዳዳ አገኘ፤ ከሱ ወደ ቀኝ አራት ሽቦ ቆጥሮ አለፈ፤ አምስተኛው ላይ ቁልፉን አግብተው ሩብ ዙር አጠበቁት። ጎማውን መልሰው ሲያሽከረክሩት ክፍተቷ ዙሪያውን አንድ ሆነች።

የቱ ሽቦ እንደሆነ ገና አልነገረቻቸውም ነበር።

«ሽቦውን ያላላሉት እርስዎ ነዎት» አለች ቀስ ብላ።

«ውሃ ልትቀጂ ስትወጪ።»

«ለምን?»

ሽርጣቸውን ከሚስማሩ አንሥተው እንደገና አጠለቁ። «አዲስ መሣሪያ ሳይፈተን ሥራ አይነካም» አሉ። ገመዱን ከኋላቸው እያሰሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ ዕቃ አድራሽ ጎማውን በማግስቱ መልሶ አምጥቶልኝ ነበር። ደግነቱ ጎማው የከዳው ሜዳ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑ ደክሞ ሥራ አቆመ ቢል አይፈረድበትም፤ ዓይኔ ግን ከደከመ ሁለት ዓመቱ ነው፣ በጣቴ ስሠራ ነበር። ታፔላዬን ያወረድኩት እውነቱን የሚነግረኝ ሰው እንደሌለኝ ያን ቀን ስላወቅኩ ነው።»

ይቅርታ ልትል ፈለገች። እንባዋ ብቻ ወረደ። እሳቸው እንባዋን አዩት አላዩት አይታወቅም፤ እጃቸውን ዘርግተው አናቷን ፈልገው አገኙና መታ መታ አደረጉት።

«በይ አሁን የኋላውን አምጪ» አሉ። «ሞረዱንም አትርሺ። ሠላሳ ሁለት የስፌት ትርፍ ይጠብቀናል።»